ሆቴል ብጫወት ተሸጥኩ ማለት ነው?

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

26 ዓመቴ ነው። ኪቦርድ እጫወታለሁ። ከአራት ጓደኞቼ ጋር ባንድ አለን፤ ድምፃዊ የለንም፣ በመሣሪያ ብቻ ነው የምንጫወተው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ አንዲት ትንሽ ክለብ ውስጥ እንሠራለን። ሰው ይወደናል። ግን ሰው ስል ሠላሳ፣ ቢበዛ አርባ ሰው ነው። ማታ የሚደርሰኝ ብር ከታክሲ ብዙም አያልፍም።

ባንዱን የመሠረተው ሳክስፎኒስታችን ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል። የሙዚቃ ተማሪ ሳለሁ መጀመሪያ ሲጫወት የሰማሁት ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ አደርኩ። ዛሬም ሶሎ ሲወስድ የራሴን መጫወት እረሳለሁ። አዲስ ነገር ጽፌ እሱ ራሱን ከነቀነቀልኝ ያ ቀን ለእኔ በዓል ነው።

ባለፈው ወር ሁለት ሥራ መጣልኝ። አንደኛው አንድ ትልቅ ሆቴል ሎቢ ውስጥ በሳምንት አራት ማታ ኪቦርድ መጫወት ነው። የታወቁ ዘፈኖች፣ ለስለስ ያሉ፣ እንግዳው እራት እየበላ የሚሰማቸው። ሁለተኛው ከአንድ የሪል ስቴት ድርጅት ነው። አንዱን ዜማችንን ለማስታወቂያ ፈልገውታል። ስለ አፓርታማ ግጥም ይገባበታል። ዜማውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መሀሉ ላይ ያለችውን፣ ሰው ሁሉ የሚያፏጫትን ነገር ግን ልምምድ ላይ ያመጣት ሳክስፎኒስታችን ነው። የሚከፍሉት የዓመት የቤት ኪራይ ይሸፍንልኛል። ኪራይ ደግሞ ጨምረውብናል። ታናሽ ወንድሜን የማስተምረውም እኔ ነኝ።

ሁለቱንም ስነግረው ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ «ሂጂ፤ ግን ከእንግዲህ ሙዚቀኛ ነኝ እንዳትይ። ተሸጠሻል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ላይ የሚያናግረኝ ስለ ኮርድ ብቻ ነው። የሚያሳፍረኝ ሌላም ነገር አለ። ሁለታችንም በጣም የምናደንቀው አንድ ጊታሪስት ነበር። ሰርግ መሥራት ሲጀምር «አለቀለት» ብለን አምተነዋል። ከዚያ በኋላ ሊሰማን ሲመጣ እንኳ በቅጡ ሰላም አላልነውም።

አሁን ተራው የእኔ ነው። ተሸጫለሁ እንዴ?

ኪቦርዲስቷ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፤

«ተሸጠሻል» የሚለውን ቃል ጎረቤት ቢልሽ፣ ወይም ፌስቡክ ላይ አንድ የማታውቂው ሰው ቢጽፍልሽ፣ ተናደሽ ታልፊው ነበር። የተናገረው ግን ራሱን ሲነቀንቅልሽ ቀንሽ በዓል የሚሆንልሽ ሰው ነው። ለዚህ ነው ቃሉ እንደ ፍርድ ያረፈብሽ። የምናደንቀው ሰው በአንድ ነገር ከኛ ስለሚበልጥ በሁሉም ነገር የሚበልጠን ይመስለናል። ጓደኛሽ ስለ ድምፅ ሲናገር ስሚው፤ ጆሮው የተመሰከረለት ነው። ስለ ቤት ኪራይሽና ስለ ወንድምሽ ትምህርት ግን ከአንቺ የተሻለ አያውቅም። ምናልባትም ጠይቆሽ አያውቅም ይሆናል። ጠይቆሽ ያውቃል?

ጥያቄሽን ከመመለሴ በፊት ሁለቱን ሥራዎች ልለያያቸው። አንቺም እሱም አንድ ላይ ጠቅልላችሁ «መሸጥ» ብላችኋቸዋል። እኔ ግን አንድ ሆነው አልታዩኝም።

ከሆቴሉ ልጀምር። እዚያ ገብተሽ የምትሸጪው ማታሽንና የጣትሽን ሥራ ነው። ይህ ደሞዝ ነው። በኛ አገር ሙዚቃ ደግሞ የሆቴል ደሞዝ የሚያሳፍር ታሪክ የለውም። እንዲያውም ዛሬ የናንተ ዓይነት ባንዶች በስስት የሚያዳምጡት ሙዚቃ ትልቁ ክፍል ከዚያው ነው የመጣው። ዋልያስ ባንድን ታውቂያቸዋለሽ፤ ያለ ድምፃዊ የሚጫወት ባንድ ኖሮሽ አለማወቅ አይቻልም። እነሱ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአዲስ አበባ ሂልተን ቋሚ ባንድ ነበሩ። ለእራት ተመጋቢው ለስለስ ያለውን ይጫወታሉ፤ ሲመሽ ደግሞ ሰው ይጨፍርላቸዋል። የደርግ ሰዓት እላፊ ሲመጣ ቤቱ መመለስ ያልቻለ ሰው እስኪነጋ እዚያው ያመሻል፤ እነሱም አብረውት ያነጋሉ። እነዚሁ የሆቴል ሙዚቀኞች ናቸው በ1977 (እ.ኤ.አ.) «ቸ በለው» የተባለውን አልበም ያወጡት። «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ውስጥ ነው። ግርማ በየነ የደረሱትን ይህን ሥራ ዛሬ በየአህጉሩ ያሉ ባንዶች ይጫወቱታል። ሂልተን ስለሠሩ አንሰው ነው እንዴ ይህ የወጣው? እኔ እንደሚመስለኝ ማታ ማታ አብሮ መጫወቱ ነው እንደዚያ ያሰላቸው።

ስለ ዋልያዎች አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ለአንቺ የሚጠቅመው እሱ ነውና። በዚያ ዘመን ብዙውን ጊዜ መሣሪያው የክለቡ ባለቤት ንብረት ነበር። መሣሪያው የእሱ ከሆነ ሙዚቀኛውም በግማሽ የእሱ ነው፤ የት እንደሚጫወት፣ በስንት እንደሚጫወት ባለቤቱ ይወስናል። ዋልያዎች የራሳቸው መሣሪያ ነበራቸው። ስለዚህ ሥራውን ራሳቸው ተዋውለው ይገባሉ፤ ካልተስማማቸውም ጠቅልለው ይወጣሉ። አሁን ልጠይቅሽ፦ ሐሙስ ማታ የምትጫወቺበት ኪቦርድ የማን ነው? የአንቺ ካልሆነ የሆቴሉ የመጀመሪያ ወራት ገንዘብ፣ ከኪራዩና ከወንድምሽ የተረፈው፣ ወደዚያ ይሂድ። ነፃነት ስንል የምናወራው ነገር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ የሚጨበጥ ዕቃ ነው።

ወደ ኋላም ሄደሽ እዪው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ የቆመው ሁልጊዜ በሚከፍለው ሰው ፊት ነው። «ተቀበል!» ይባላል፤ ይቀበላል። ያወድሳል፤ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። ያው አዝማሪ በዚያው ግጥም ውስጥ ቤተኛው ብቻ የሚገባው ወርቅ ደብቆ፣ የከፈለውን ጌታ ሲወጋው ያመሻል። ገንዘብ የተቀበለ አፍ እውነት አይናገርም የሚለው ነገር በኛ ሙዚቃ ላይ ልክ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ደግሞ ስለሌላው ጎን፣ በሙዚቃ ሳይሆን በሌላ ሥራ ስለመኖር ላውራሽ። ዋልያዎች በ1981 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሄደው ሲጫወቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። የባንዱ ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዱ። ግርማ በየነ ነዳጅ ማደያ ሠሩ፤ ለረጅም ዘመንም ከሙዚቃ ርቀው ቆዩ። ስደት ነው፣ ኑሮ ነው፤ እነሱ ላይ ልፈርድ አልችልም። ኃይሉ ኪቦርዳቸውን ታክሲው ውስጥ ይዘው ይዞሩና ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። በ1985 (እ.ኤ.አ.) የሠሩት አንድ ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ እጅ ገባና በ2013 (እ.ኤ.አ.) እንደገና ታተመ። ሰውዬው ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018ም (እ.ኤ.አ.) «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ። ግርማም በ2017 (እ.ኤ.አ.) ከአካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር ሠርተው ተመለሱ። ሁሌ የማስበው ግን ባዶ ሆነው ያለፉትን ዓመታት ነው። ግርማ በየነ በነዚያ ዓመታት ስንት ዜማ ይጽፉ ነበር? ጓደኛሽ ከሆቴሉ ይልቅ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ሆነሽ ብትቀጠሪ ምን እንደሚልሽ ጠይቂው። ምንም የሚልሽ አይመስለኝም። ከፒያኖ ጋር በምትውይበት ሥራ «ተሸጠሻል» ተብለሽ፣ ከፒያኖ በሚለይሽ ሥራ ዝም የምትባዪ ከሆነ ፍርዱ ሚዛን የለውም።

ስለዚህ ሆቴሉን ያዢው። ይህን ስልሽ አልተጠራጠርኩም።

አደጋ የለውም ግን አልልሽም። የሎቢ ሙዚቃ አደጋው ማንም አለመስማቱ ነው። ማንም ካልሰማሽ ሳታውቂው አንቺም ራስሽን መስማት ትተያለሽ። ጣት ብቻውን ይሄዳል። ይህ የሚጀምርሽ ከስንት ወር በኋላ እንደሆነ አላውቅም፤ እንደሚጀምርሽ ግን አውቂ። ስለዚህ ውሉን ስትፈርሚ ሐሙስ ማታ ነፃ መሆኑ በጽሑፍ ይግባ። በቃል «ችግር የለም፣ እንነጋገራለን» ቢሉሽ አትቀበዪ፤ ሐሙስ ሠርግ ወይም ጉባኤ ሲገባባቸው የሚደውሉት ለአንቺ ነው። በየማታው ደግሞ አንድ ዘፈን ለራስሽ አስቀሪ። የታወቀ አምባሰል ይሁን፣ አንቺ ሆዬ ይሁን፣ ግራ እጅሽን በየማታው ለውጠሽ ሞክሪው። እንግዳው ሾርባውን ይጠጣል፤ አንቺ ደግሞ ተከፍሎሽ ትለማመጃለሽ። አልፎ አልፎ አንድ ሰው ማንኪያውን አስቀምጦ ቀና ማለቱም አይቀርም።

ወደ ማስታወቂያው ስመጣ ግን ልቤ እንደዚያ አልቀለለም።

ማስታወቂያ መሥራት በራሱ ነውር ነው አልልም። እዚህ የሚሸጠው ግን የአንቺ ማታ አይደለም። የተሠራ፣ ሰው የሚያውቀው፣ ሰው ከናንተ ጋር የሚያያይዘው ዜማ ነው። ቃል አልነበረውም፤ አሁን ቃል ሊገባበት ነው። ማስታወቂያው በቀን ደጋግሞ ከተለቀቀ፣ በዓመቱ ሐሙስ ማታ ያንን ዜማ ስትጀምሩት የክለቡ ሰው ስለ አፓርታማው ይዘፍንላችኋል። ሰው የሰማውን አይረሳም። ያንን ዜማ ስትጽፊው ምን አስበሽ ነበር? ማንን አስበሽ ነበር? መልሱን ለእኔ አትንገሪኝ። ያ ነገር ከግጥሙ ጋር አብሮ ሊኖር ይችል እንደሆነ ግን ቁጭ ብለሽ አስቢ። «ይችላል፣ ለእኔ ዜማ ብቻ ነው» ካልሽ አንድ ነገር ነው። ሆድሽ እምቢ ካለሽ ደግሞ ያንን ስሚው፤ የጓደኛሽ ድምፅ ሳይሆን የራስሽ ነውና።

ሌላው ነገር ቀላል ነው፤ ዜማው የአንቺ ብቻ አይደለም። ራስሽ ጽፈሽልኛል። ሰው ሁሉ የሚያፏጫት ነገር የእሱ ናት። ድርጅቱም የፈለገው እሷን ይመስለኛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለት ሰው አብሮ የሠራውን ሥራ የሁለቱ ንብረት አድርጎ ነው የሚያየው። መብቱን ማስተላለፍም በጽሑፍ መሆን አለበት። ብቻሽን ብትፈርሚ በሕግም ያስቸግርሻል፤ በሰውኛም ጓደኛሽን የራሱን ነገር ሳይጠየቅ ቴሌቪዥን ላይ እንዲሰማው ታደርጊዋለሽ። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ ስለ ማስታወቂያው ስትነግሪው «እንስጣቸው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽው ወይስ «ልሰጣቸው ነው» አልሽው? ሁለተኛውን ከሆነ ያልሽው፣ «ተሸጠሻል» ያለው ስለ ሆቴሉ ሳይሆን ስለዚህ ሊሆን ይችላል። ሰው ሲጎዳ የመጣለትን ትልቁን ቃል ነው የሚወረውረው።

ገንዘቡ ግን ያስፈልግሻል። ስለዚህ በሩን ሳትዘጊው የምትሞክሪውን ልንገርሽ። ለድርጅቱ «ይህ ዜማ አይሸጥም፤ ለእናንተ ብቻ አዲስ ዜማ እጽፍላችኋለሁ» በያቸው። በዚያው ቅኝት፣ በዚያው ስሜት፣ ለማስታወቂያ ብቻ የተሠራ። ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉት ስሜቱን ነው። ከተስማሙ የሠላሳ ሰከንድ ዜማ ትጽፊላቸዋለሽ፣ ይከፍሉሻል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ከክፍያው ግማሹ ሲጀመር፣ ግማሹ ስታስረክቢ ይሁን። ለስንት ጊዜ፣ በየትኛው ሚዲያ እንደሚጠቀሙበት ውሉ ላይ ይጻፍ። «ሙሉ በሙሉ፣ ለዘላለም» የሚል ነገር ካለበት ገንዘቡ ሌላ መሆን አለበት። ከመፈረምሽ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው ያንብብልሽ። «አይ፣ ያንኑ ዜማ ነው የምንፈልገው» ካሉ ደግሞ ባንዱ አምስታችሁም ተሰብስባችሁ ወስኑ። አንድ ሰው እምቢ ካለ ይቅር። የአንድ ዓመት ኪራይ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ አቅልዬ አላየውም። ባንዱ የሚፈርስ ከሆነ ግን ውድ ነው።

አሁን ወደ ሰውዬው።

የሳክስፎን ሰው ስለሆነ ጌታቸው መኩሪያን እንደሚያደንቅ እገምታለሁ። ሽለላና ፉከራን ከሜዳ አምጥተው ሳክስፎን ላይ ያደረጉ፣ ሲነፉ ጦር ሜዳ የቆምሽ የሚያስመስሉ ሰው ነበሩ። የት ነበር የሚሠሩት? በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ። አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ደሞዝተኛ ነበሩ። ያ አውሬ የሚመስል ድምፅ የደሞዝተኛ ድምፅ ነው። ከዚያ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ዘ ኤክስ የተባለ የሆላንድ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋበዛቸው። ዘ ኤክስ በፓንክ የጀመረ፣ ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ርቆ በራሱ መንገድ የኖረ ባንድ ነው። ያደንቋቸው ነበር። ጌታቸውም በተራቸው «እናንተ አጅቡኝ» አሏቸው፤ በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለ አልበም አብረው ሠሩ፤ ለዓመታትም አብረው ዞሩ። የመንግሥት ኦርኬስትራ ጡረተኛና የአምስተርዳም ፓንኮች! አንዱ የሌላውን ኑሮ መኖር አላስፈለገውም። ድምፁ በቃቸው። ይህ ታሪክ በጣም ነው የምወደው፤ ለጓደኛሽም ብትነግሪው ደስ ይለኛል። ለክርክር ሳይሆን፣ ስለ ጌታቸው ማውራት ሁለታችሁንም ስለሚያለሳልሳችሁ።

እንዲህ የተቆጣው ለምን ይመስልሻል? ልሳሳት እችላለሁ፤ ግን ፍርሃት ይሸተኛል። አራት ማታ ከሄድሽ ሐሙስም ትሄጂ ይሆናል ብሎ ይፈራል። ባንዱን የመሠረተው እሱ ነው፤ ኪቦርዲስት ደግሞ እንደ አንቺ ያለ በየቦታው አይገኝም። ምናልባት እሱም እንደዚህ ያለ ጥሪ መጥቶለት እምቢ ብሎ፣ ዋጋውን ብቻውን እየከፈለ ይሆናል። እምቢ ያለ ሰው ሌላው እሺ ሲል መራራ ይሆንበታል። አታውቂም፤ ስለዚህ ጠይቂው።

ከልምምድ በኋላ፣ ሌሎቹ ሲሄዱ አስቀሪው። ስልክ ላይ አይሁን፤ ጽሑፍም አይሁን። መጀመሪያ ስለ ዜማው ይቅርታ የሚገባው ከሆነ እሱን በዪ፦ «መጀመሪያ አንተን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ያለ አንተ አልሰጠውም።» ከዚያ ሆቴሉን ንገሪው፦ «እሱን ግን እሠራዋለሁ። ሐሙስ የኛ ነው፤ ውሉ ላይ አስገብቼዋለሁ።» ፈቃድ እየጠየቅሽው እንዳልሆነ ድምፅሽ ላይ ይሰማ። በመጨረሻ «ተሸጠሻል ስትለኝ በጣም ነው የጎዳኸኝ፤ ከማንም በላይ ስለማደንቅህ» በዪው። እንደምታደንቂው በግልጽ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ብዙ ሙዚቀኞች ይህን ነገር ሳይባባሉ ያረጃሉ። ከቀብር በኋላ በሬዲዮ ነው የሚናገሩት።

እምቢ ቢልስ? እንደተኮሳተረ ቢቀጥልስ? ጊዜ ስጪው። ሐሙስ ሐሙስ በሰዓቱ ተገኝተሽ ተጫወቺ፤ ከአንደበትሽ ይልቅ እሱ ያሳምነዋል። ሁለት ሦስት ወር አልፎ አሁንም ስለ ኮርድ ብቻ የሚያናግርሽ ከሆነ ግን ከእሱ ጋር መጫወት ደስታሽን እየበላው እንደሆነ ማየት አለብሽ። ሳክስፎኑን ከሩቅ ማድነቅም ይቻላል። ያን ጊዜ ጻፊልኝ።

አንድ ሰው ግን ቀረን፤ ጊታሪስቱ። «አለቀለት» ያላችሁት። ሰርግ ሲሠራ ከርሟልና ዛሬ አንቺ የምትፈሪውን ሁሉ እሱ ያውቀዋል፦ ጣት እንዴት እንደሚደነዝዝ፣ እንዴት እንደሚነቃ፣ ከደንበኛ ጋር እንዴት ውል እንደሚያዝ፣ ክፍያ ሲዘገይ ምን እንደሚባል። ከእኔ የተሻለ መካሪ እሱ ነው። በቅጡ ሰላም ባላላችሁት ቀንም እናንተን ለመስማት ነበር የመጣው። ደውይለት። ቡና ልጋብዝህ በዪው፤ ስለዚያ ቀን ይቅርታ ጠይቂው። ከዚያ ስለ ሆቴሉ አማክሪው። ሐሙስ ማታም ጊታሩን ይዞ እንዲመጣ ለምኚው።